ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ ከትምህርት ቤት ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

(በጭሮ ከተማ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በጭሮ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ስለ መጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ መናገር ላንዳንዱ ከቦታው የራቀ ጉዳይ ይመስለው ይሆናል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ትምህርታቸው በአውሮፓ፣ ሥራቸው በአዲስ አበባ ነበር እንጂ ከጨርጨር ጋር የሚያያይዛቸው የትውልድ ሐረግ የለም። ይሁን እንጂ እርሳቸው በኋላ የገቡበት ምክር ቤት በመጀመሪያ በወረቀት ላይ የሰፈረው፣ ይህችን ከተማ በቆረቆሩት ሰው ብዕር ነው። ነገሩን ከዚህ መጀመር ስለ ከተማዪቱም ስለ ሴትዮዋም የሚያስረዳው ነገር አለ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም በአውሮፓ ስለ እርሻ ያጠኑ ሰው ነበሩ። በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዢ ሆነው በተሾሙ ጊዜ አውራጃውን ለሌላው የአገሪቱ ክፍል አርአያ የሚሆን ለማድረግ አስበው፣ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ላይ ሲወጣ በሚገኘው ተዳፋት ላይ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። በሂርናም እርሻ ነበራቸው። ሰውየው የቴአትርም ሰው ነበሩ፤ ፋቡላ የተባለው ድርሰታቸው በአማርኛ ከተጻፉት ተውኔቶች የመጀመሪያው ሲሆን፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ታግዶ ነበር። መድፈኛ፣ ገበሬ፣ ደራሲና አስተዳዳሪ ባንድ ሰው ውስጥ መገኘታቸው በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም፤ የተማረ ሰው ጥቂት በመሆኑ ያንዱ ሸክም ለአራት የሚበቃ ነበረና።

እኒሁ ሰው ናቸው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ለረቂቁ መነሻ የሆናቸው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ሰነዱ በ55 አንቀጾች የተጠናቀቀ ነበር። በሥርዓቱ ላይ ለተሰበሰቡት መኳንንትና ሹማምንት የሕጉን ትርጉም የሚያስረዳ ረዥም ንግግር ያደረጉትም ራሳቸው ናቸው። ሕጉ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ይላል። «እስኪበቃ ድረስ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶታል፤ በንድፉ ላይ በር ተሥሎ ሳለ በግድግዳው ላይ ግን በጡብ ተደፍኖ ይቆያል፤ አንድ ቀን ይከፈታል ተብሎ ነው። መቼ እንደሚከፈት ንድፉ አይናገርም። ሕዝቡን ለመምረጥ የሚያበቃው ምን እንደ ሆነም ከአንቀጾቹ ባንዱም አልተጻፈም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በዚያው በ1931፣ እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ሁለቱ ነገሮች በዚያን ጊዜ እንደ ተለያዩ ጉዳዮች ነበር የሚታዩት፤ አንዱ የመንግሥት ሥራ፣ ሌላው የእቴጌይቱ በጎ አድራጎት። ስለ ሕገ መንግሥቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ያን ያህል አልተጻፈም። ይሁንና በ26 ዓመት ውስጥ የተደፈነውን በር ለመግባት የበቃችው ሴት የመጣችው ከትምህርት ቤቱ በኩል ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚስዮናውያን ዘንድ አድገው በውጭ አገር የተማሩ፣ ጀርመንኛ የሚያውቁ፣ የጐንደር ከንቲባ በመሆናቸው በዚሁ ማዕረግ ስማቸው የጸና፣ ከአድዋ ትውልድ የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ባቋቋመው ፓርላማ ውስጥም በምክትል ፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። አባት ምክር ቤት የገቡት በሹመት ነው፤ ልጅ በምርጫ ገብታ እስከዚያው ምክትል ፕሬዚዳንትነት ትደርሳለች ብሎ በዚያን ጊዜ የገመተ ሰው ቢኖር፣ ምናልባት አባት ራሳቸው ብቻ ይሆናሉ። ሴቶች ልጆቻቸውን አስተምረዋልና። ስንዱና ታናሽ እኅታቸው የውብዳር ገና በሕፃንነት ዕድሜ ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሩ። የውብዳር በኋላ መንኵሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት፣ በፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም የታወቁትና በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት ናቸው። ሴት ልጅን ባሕር አሻግሮ ማስተማር በዚያ ዘመን ለቤተ ዘመድ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ለምን ቢባል ከትምህርቱ በኋላ የሚጠብቃት ሥራ ምን እንደ ሆነ ማንም ሊያሳይ አይችልም ነበር። ወንድ ልጅ ተምሮ ሲመለስ ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚ ይሆናል። ሴት ልጅስ?

እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። ወይዘሮ ስንዱ በዚያ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ጥቁር አንበሳ በአብዛኛው የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች የመሠረቱት ድርጅት እንደ ነበረ ይታወቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ጠላት የተማረውንና የታወቀውን ሰው እያሳደደ ሲያጠፋና ሲያግዝ፣ የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም ወደ ኢጣሊያ ተጋዘ። መጀመሪያ ከሰርዴኛ በስተ ሰሜን በምትገኘው በአዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በናፖሊ አጠገብ በመርኮሊያኖ ታሰሩ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አውሮፓን በተማሪነት ያየች ልጅ፣ በሃያ አንድ ዓመቷ በእስረኛነት ተመልሳ አየቻት።

ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን ነው የሕይወታቸው ዋና ክፍል፤ ስለ እርሳቸው በሚነገረው ሁሉ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፈው ይኸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ለዚህ ቦታ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት ቤቱን የመሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የዚያን ጊዜ ተማሪ ዘንድ ግን ትልቅ ነበር፤ ሥልጣን ያላትን ሴት በዓይኗ አይታ የማታውቅ ልጅ፣ በየማለዳው በቋንቋዋ የምታዝዝ፣ በመዝገብ ላይ የምትፈርም፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች ጋር ቆማ የምትከራከር ኢትዮጵያዊት ሴት ፊት ለፊቷ ታያለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በትምህርት ዝርዝር ውስጥ የሚገባ አይደለም። ሆኖም ከሒሳቡም ከጂኦግራፊውም ይልቅ የሚቀር እርሱ ነው።

ዳይሬክተሯ ደራሲም ነበሩ። ተማሪዎቹ የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ይጽፉ ነበር፤ ብዙዎቹም ስለ ጠላት ወረራና ስለ አርበኝነት የሚናገሩ ናቸው። የልቤ መጽሐፍ የተባለው ሥራቸው በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። የትምህርት ቤት ተውኔት እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ ነገር ግን የሕዝብ ንግግር መለማመጃ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በዚያ ዘመን አስተዳደግ ጨዋ ልጅ ድምፅዋ አይሰማም፣ ዓይኗን ወደ ምድር ታቀረቅራለች። መድረክ ላይ የቆመች ተማሪ ግን ድምፅዋ እስከ ኋላው ወንበር መድረስ አለበት፤ አዳራሹ የሞላው ደግሞ በመኳንንትና በሹማምንት ነው። ተክለ ሐዋርያት በተውኔት የገዢዎችን ስሕተት ለማሳየት ሞክረው ተከለከሉ፤ ወይዘሮ ስንዱ በተውኔት ልጃገረዶችን አናገሩ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ርቆ ሄዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ወጣ። አንቀጾቹ 131 ደረሱ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በዚህ ሕግ ነው፤ ተደፍኖ የቆየው በር በ24 ዓመቱ ተከፈተ። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ፣ በምርጫው ክልል የሚኖር ሁሉ ድምፅ ይሰጣል። ወንድ ወይም ሴት ብሎ ሕጉ አልለየም። ብዙ አገሮች ለሴቶች የመምረጥ መብት ለመስጠት ልዩ ሕግ ማውጣትና ብዙ መከራከር ሲያስፈልጋቸው፣ እዚህ ግን በሩ የተከፈተው ያለ ብዙ ድምፅ ነው። ዝምታው ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ጥቅሙ፣ ማንም ተነሥቶ ሊቃወመው አለመቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ፣ መብቱ መኖሩን ባለመብቷ ሳትሰማ መቅረቷ ነው።

ከዚህም በላይ በሩ ደፍ ነበረው። ለመመረጥ የሚቀርብ ሰው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫው ክልል ነዋሪ የሆነና በዚያው ክልል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ይህን በጨርጨር ላይ አውርዶ ማየት ይበጃል። ሕጉ ለ200,000 ነዋሪ ሁለት እንደራሴ የሚል ነው። በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በኩኒ ወይም በዶባ ገጠር የምትኖር ሴት መሬቱን ታርሳለች፣ ታርማለች፣ ቡናውን ትለቅማለች፤ የንብረቱ ስም ግን በባሏ ወይም በአባቷ ነው። ገበያውን ያቆመችው እርሷ ናት፤ ንብረት አላት ሊባል ግን አይቻልም። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም፤ ተወዳዳሪው የሚቆመው በራሱ ስም፣ በራሱ ገንዘብ፣ በዘመዱና በወዳጁ ብዛት ነው። እንግዲህ ሕጉ ወንድ ወይም ሴት ሳይል ቢቀርም፣ ደፉን ለመሻገር የምትችለው ሴት የራሷ ሥራ፣ የራሷ ደመወዝና የራሷ ስም ያላት ብቻ ነበረች። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ1957) የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ እንዲህ ያሉት ሴቶች በአገሪቱ ስንት ነበሩ? ከእነርሱ አንዷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ለዳይሬክተሯ ድምፅ ያስገኘላቸው ዘመቻ ለዓመታት ሲካሄድ የኖረ ነው፤ ልጅ ያስተማረ ቤት ሁሉ ስማቸውን ያውቃል።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ከ210 መቀመጫዎች በአንዱ ተቀመጡ። በኢትዮጵያ ታሪክ ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። ዓመቱን ከሌላው ዓለም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያው በ1957 እ.ኤ.አ. በግብፅ ራውያ አጢያ ለአገራቸው ምክር ቤት ተመርጠው ከዓረቡ ዓለም የመጀመሪያዋ ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ ፊደል የቆጠሩባት፣ ሥልጡን ተብላ የምትጠቀሰው ስዊዘርላንድ ደግሞ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የፈቀደችው ገና በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። የወይዘሮ ስንዱ የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህራት፣ ተማሪያቸው እንደራሴ በሆነችበት ዓመት፣ በአገራቸው ላይ አንድ ወረቀት እንኳ በሣጥን ውስጥ ለመጨመር አይችሉም ነበር። ይህ ለኵራት ብቻ የሚነገር አይደለም። እዚያ መብቱ ዘግይቶ ትምህርቱ ቀደመ፤ እዚህ መብቱ ቀድሞ ትምህርቱ ዘገየ። የትኛው ክፍተት ቶሎ እንደሚሞላ በኋላ ታይቷል።

በምክር ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ስንዱ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። አባታቸው በሹመት የያዙትን ማዕረግ በምርጫ ገብተው ያዙት። ሆኖም ያ ምክር ቤት ሙሉ ሥልጣን የነበረው ሸንጎ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሕግ መወሰኛውን አባሎች ይሾማሉ፣ ሚኒስትሮችን ይሾማሉ ይሽራሉ፣ የመጨረሻውም ቃል የእርሳቸው ነው። የአንዲት ሴት ድምፅም ከብዙ ወንዶች ድምፅ መካከል አንድ ድምፅ ነው። ለዚህ ማስረጃው በዚያው የሥራ ዘመን የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በ3,367 ቁጥሮች ታትሞ የወጣው ይህ ታላቅ የሕግ መጽሐፍ፣ ስለ ውል፣ ስለ ንብረትና ስለ ኀላፊነት የደነገገው ዛሬም በፍርድ ቤት የሚጠቀስ ሲሆን፣ በቁጥር 635 ላይ ግን ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑንና ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይናገራል። ከምክር ቤቱ መሪዎች አንዷ ሴት በሆነችበት ዘመን፣ ያቺው ሴት ወደ ቤቷ ስትገባ ታዛዥ ናት የሚል ሕግ ጸደቀ። ቁጥሩ የተለወጠው ከ40 ዓመት በኋላ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። እንግዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን ወንበር መያዟ ሕግ አይለውጥም። ይህን ለማለት የወይዘሮ ስንዱን ሥራ ማሳነስ አያሻም፤ ማሳነስ የሚሆነው ይልቁንስ «የመጀመሪያዋ» ብሎ አሞግሶ፣ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ለምን እንደ ዘገዩ ሳይጠይቁ ማለፍ ነው።

ለዚህ ማኅበር አባሎች ጉዳዩ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከገጠር መንደሯ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትሄድ ምን እንደሚገጥማት ያውቃል። ርቀቱ አለ። ውኃ መቅዳቱ አለ፤ ከደጋው ሸንተረር ወርዶ ምንጭ ዘንድ ወረፋ ጠብቆ እንስራ ተሸክሞ መመለስ የሴት ልጅ ሥራ ነው፤ በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ከትምህርቱ ሰዓት ላይ የሚቀነሰው የእርሷ ነው። መጸዳጃ ቤትም አለ፤ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃና ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ዕድሜዋ የደረሰች ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀርበት፣ ቀስ በቀስም የምታቋርጠው ትምህርት ቤት ነው። ይህን ሁሉ የሚወስነው የምርጫ ሕግ አይደለም። ቧንቧው በየት በኩል ይለፍ፣ ጉድጓዱ የት ይቈፈር፣ የመጸዳጃው ክፍል በንድፉ ላይ ይግባ ወይስ ለ«ሁለተኛው ምዕራፍ» ይቆይ ብሎ የሚወስን ሰው ነው የሚወስነው። በዕቅድ ሥራ ላይ የቆየ ሰው «ሁለተኛው ምዕራፍ» የሚባለው ምን ያህል ጊዜ እንደሚዘገይ ሳያውቅ አይቀርም።

ዛሬ በጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በተክለ ሐዋርያት ዘመን አንባቢ ለማግኘት ያስቸግርባት በነበረች ከተማ። ከሂርና፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ልጃገረዶች ይመጡበታል። እዚያ እስኪደርሱ ያለው ጎዳና ግን ዛሬም በትንንሽ ነገሮች ይቋረጣል።

ቁጥሩ በረዥም ዘመን ምን እንደ ሆነ ማየት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሴቶች የያዙት 42ቱን ነበር፤ ወይዘሮ ስንዱ ከተመረጡ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ግን 212 ደረሱ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ሙፈሪያት ካሚል የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። መጀመሪያ ለአርባ ዓመት ያዘገመው ቁጥር በኋላ በ15 ዓመት አምስት እጥፍ ማደጉ፣ የፓርቲዎች ውሳኔ እንዳለበት ግልጽ ነው። ነገር ግን ፓርቲ ለዕጩነት የሚያቀርበው የተማረችና ስሟ የሚታወቅ ሴት ሲያገኝ ነው፤ ያቺን ሴት ፓርቲ አያፈራትም።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 በቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትምህርት አታሼ ሆነው ተሾሙ፤ ስለዚህም የመንግሥት ሥራቸው በተጀመረበት በትምህርት ጉዳይ ላይ ቀጠለ። በቦን አባታቸው በወጣትነታቸው የተማሩትን ቋንቋ በሚናገር ሕዝብ መካከል ነበሩ። የመረጣቸው ዓይነት ምክር ቤት በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዘውዱ ሥርዓት ጋር ፈረሰ። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው፣ የሴቶች ቁጥር በምክር ቤት ውስጥ ከመቶ ማለፉን አይተው፣ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ።